ጉበት ላይ አዴኖካርሲኖማ ተገኘ፣ ሲቲው መነሻውን አላሳየም፤ ቀጥሎ ምን ይታዘዝ?

ውስጥ_ደዌ_ክልል

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦች። ታካሚዋ የ54 ዓመት እናት ናቸው፤ ክብደታቸው 50 ኪሎ፣ ቁመታቸው 160 ሴንቲ ሜትር። ከ3 ወር ወዲህ ቀኝ ጎናቸውን ያማቸዋል፣ እህል አይበላላቸውም፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። አልትራሳውንድ ጉበታቸው ላይ ብዙ እባጭ አሳየ፤ አንዱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ የቀሩት ከ1 እስከ 3። የኤፍኤንኤ (በቀጭን መርፌ የተሳበ ሴል) ውጤቱ «ሜታስታቲክ አዴኖካርሲኖማ» (ከፈሳሽ አመንጪ እጢ ሴል ተነስቶ ከሌላ ቦታ የተሻገረ ካንሰር) ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ተነስተው ሪፖርቱ «ከጉበት በቀር ሌላ ቦታ ዕጢ አልታየም» ብሎ ዘግቷል። ቢሊሩቢን 0.9፣ ክሪያቲኒን 0.8፣ ሄሞግሎቢን 11.8። ራሳቸውን ችለው ይንቀሳቀሳሉ፣ ቀለል ያለ የቤት ሥራም ይሠራሉ።

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። አሜሪካ ያለችው ልጅ «ፔት ስካን (ካንሰርን መላ ሰውነት ላይ አብርቶ የሚያሳይ ምስል) ይነሱ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» ትላለች፤ እዚህ ያሉት ደግሞ ኬሞው ዛሬውኑ ይጀመር ባይ ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ፣ የቱ ላይስ ላቁም? ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ (የካንሰሩን ሴል ፕሮቲኖች በየ«ስቴይኑ» ቀለም የሚለይ ምርመራ) የምንልከው ሌላ ከተማ ነው፤ ክፍያውም በየስቴይኑ ስለሆነ ከየትኛው ልጀምር? መነሻው ሳይገኝ ቢቀርስ ኬሞውን በምን ላይ ተመሥርቼ ልምረጥ?

ማይክሮቶም

ከኤፍኤንኤው ልነሳ። በቀጭን መርፌ የተሳበ ሴል «ካንሰር ነው» ለማለት ይበቃል፤ «ከየት መጣ» ለማለት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም፤ ስላይዱ ላይ ያለው በሁለት ስቴይን ያልቃል። «ሜታስታቲክ» የሚለውን ቃልም እንዳለ አትውሰዱት። ጉበት ላይ የአመንጪ እጢ መልክ ያለው የካንሰር ሴል ስናይ እጃችን ለምዶብን ነው የምንጽፈው። ከራሱ ከጉበት የሐሞት ቱቦ የተነሳ ካንሰርና ከቆሽት ወደ ጉበት የተሻገረ ካንሰር በማይክሮስኮፕ ሥር መንታ ናቸው።

ስለዚህ ኮር ባዮፕሲ (በወፈረ መርፌ የሥጋ ቁራጭ መውሰድ)። ፕሌትሌት ከ50,000 በላይ፣ አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) ከ1.5 ያልበለጠ መሆኑን አይታችሁ በ18 ጌጅ መርፌ፣ በአልትራሳውንድ እየተመራችሁ ቢያንስ 3 ወይም 4 ቁራጭ ውሰዱ። የ9 ሴንቲ ሜትሩ መሃል የሞተ ሥጋ ሊሆን ስለሚችል ከጠርዙ በኩል ይወጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፎርማሊን ነው፤ ብዙ ናሙና የሚሞተውም እዚህ ነው። የሚፈለገው 10 በመቶ በፈር ያለበት ፎርማሊን ነው፤ ከመጋዘን የሚመጣው ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ 1 እጅ ሆኖ 9 እጅ በበፈር ይቀጥናል። ሳይቀጥን የፈሰሰበት ቁራጭ ላዩ ድርቅ ይላል፣ ውስጡ ግን ሳይደርሰው ይቀራል። መጠኑ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ፎርማሊን እስኪገኝ ብሎ ሳላይን ውስጥ ማሳደር ናሙናውን እንደ መጣል ነው። ፎርማሊን ውስጥ የሚቆየው ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይሁን፤ ዓርብ ከሰዓት ተወስዶ ሰኞ አውቶቡስ የሚጫን ናሙና ብሎክ (በፓራፊን ሰም የተቀበረ ናሙና) እስኪሆን ይህን ስለሚያልፍ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ባሉት ቀናት ብትወስዱ ይሻላል። ናሙናው ከአጥንት ከሆነ ደግሞ በጠንካራ አሲድ እንዳይለሰልስ አሳስቡ፤ ዲኤንኤውን ይበላዋል፣ አንዳንድ ስቴይኖችንም ያጠፋል። ኢዲቲኤ የተባለው ማለስለሻ ቀርፋፋ ቢሆንም የሚሻለው እሱ ነው።

ወደ ስቴይኑ ስንመጣ፣ «ሙሉ ፓነል» ብላችሁ አትዘዙ። መጀመሪያ ሲኬ7 እና ሲኬ20 የተባሉት የሴል ፕሮቲኖች ብቻ ይሠሩ። ሲኬ7 ኔጌቲቭ ሆኖ ሲኬ20 ፖዘቲቭ ከሆነ ነገሩ ወደ ትልቁ አንጀት ያመለክታል፤ ሲዲኤክስ2 ወይም ሳትቢ2 ይጨመርና ያበቃል። ሲኬ7 ፖዘቲቭ፣ ሲኬ20 ኔጌቲቭ ከሆነ ሜዳው ሰፊ ነው፦ ሳንባ፣ ጡት፣ ኦቫሪ፣ ማህፀን፣ ሐሞት ቱቦና ቆሽት። በሴት ላይ ያኔ የሚታዘዙት ቲቲኤፍ-1 ለሳንባ፣ ጋታ3 እና ኢአር ለጡት፣ ፓክስ8 ለኦቫሪና ለማህፀን ናቸው። ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑ ጨጓራ፣ ቆሽት፣ የሽንት ፊኛ። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ከጉበት ሴል የተነሳ ካንሰርን አስቡ፣ አርጂኔዝ-1 ይሠራ፤ ኩላሊትም እዚሁ ምድብ ውስጥ ነው።

ጉበት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የጉበት ሥጋ በተፈጥሮው ባዮቲን ስላለው በአቪዲን-ባዮቲን ዘዴ የሚሠራ ላቦራቶሪ የውሸት ፖዘቲቭ ሊያወጣ ይችላል። ቲቲኤፍ-1ም በአንዳንድ አንቲቦዲ የጤነኛውን የጉበት ሴል ሳይቶፕላዝም ያቀላል፤ የሚቆጠረው ኒውክለሱ ላይ ያለው ቀለም ብቻ ነው። ሪፖርቱ «ቲቲኤፍ-1 ፖዘቲቭ» ብቻ ካለ ደውላችሁ «ኒውክለሱ ነው ወይ?» በሉ፤ ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም።

ኦንኮ_22

ማይክሮቶም ባለው ላይ ልጨምር። «መነሻው ያልታወቀ» የሚለው ስም የሚሰጠው ፍለጋው በወጉ ተደርጎ ሲያበቃ ነው። እዚህ ገና አላበቃም፤ የቀረው ግን የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። ጡታቸውና ብብታቸው በእጅ ተዳሷል? የማህፀን በር በስፔኩለም፣ ፊንጢጣ በጣት ታይቷል? ቆዳቸው፣ በተለይ የእግር መርገጫና የጥፍር ሥር? ሜላኖማ እኛ ዘንድ የሚወደው ቦታ እሱ ነው። ደግሞም ከዓመታት በፊት ተቆርጦ የወጣ «ጥቁር ኪንታሮት» ወይም የጡት እባጭ ካለ ጠይቁ፤ ለፓቶሎጂ ሳይላክ የተጣለ ናሙና ብዙ ነው፣ ታካሚውም ካልተጠየቀ አያነሳውም። በሽንት ምርመራ ደም ካለ ኩላሊትና ፊኛ። ማሞግራፊ ለማንኛዋም እንዲህ ላለች ሴት ይደረጋል። ወንድ ቢሆኑ ፒኤስኤ (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) ግድ ነበር፤ ከ50 ዓመት በታች ሆነው ዕጢው ደረት መሃልና ከሆድ ጀርባ ቢሆን ኤኤፍፒና ቤታ ኤችሲጂ የተባሉት የደም ምርመራዎች።

ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ ለሁሉም አይታዘዝም፤ ምልክት፣ የብረት እጥረት ደም ማነስ ወይም ወደዚያ የሚጠቁም ስቴይን ሲኖር ነው። ሄሞግሎቢን 11.8 ነው ብላችኋል፤ ፌሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ) ሥሩ፣ ዝቅ ካለ ኮሎኖስኮፒው ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

ሲኢኤ፣ ሲኤ 19-9፣ ሲኤ 15-3 እና ሲኤ-125 የተባሉትን የካንሰር የደም ጠቋሚዎች አንድ ላይ አዝዞ ከፍ ባለው ስም ካንሰሩን መጥራት ግን ይቅርብን። ሲኤ 19-9 የሐሞት ቱቦ በጠጠር ሲዘጋም ይወጣል። ሲኤ-125 በሆድ ሽፋን ቲቢ ላይ ከ500 በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ሲኤ-125 ከፍ ያለባትን ሴት ያለ ባዮፕሲ «ኦቫሪ ነው» ብሎ ኬሞ መስጠት እኛ አገር ውስጥ ይቅር የማይባል ስህተት ነው። ጉበት ላይ ኤኤፍፒ ብቻ ለብቻው ትርጉም አለው፤ ከሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ጋር ይሠራ።

ለምን ይህን ሁሉ እንፈልጋለን? ከ100 ካንሰር ታካሚ ከ2 እስከ 5ቱ ላይ መነሻው አይታወቅም፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ15 እስከ 20 በመቶው የተለየ ሕክምና ያለው ዓይነት ነው። ሴት ሆና ብብት ላይ ብቻ አዴኖካርሲኖማ ከተገኘ እንደ ጡት ካንሰር ይታከማል፤ ማሞግራፊው ንጹህ ቢሆንም የጡት ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ መነሻውን ያወጣዋል። የሆድ ሽፋን ላይ የተበተነ ሴረስ ካርሲኖማ እንደ ደረጃ 3 ኦቫሪ፣ በኦፕሬሽንና በካርቦፕላቲን-ፓክሊታክሰል። ወንድ ላይ አጥንት የሚያጠነክር ስርጭትና ከፍ ያለ ፒኤስኤ እንደ ፕሮስቴት፣ በሆርሞን። የአንጀት ስቴይን ያለው እንደ አንጀት። ኒውሮኢንዶክራይን ለብቻው፤ ክፉ መልክ ያለው በፕላቲነምና ኢቶፖሳይድ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነጠላ ዕጢ በኦፕሬሽን ወይም በጨረር። እናም የምንፈልገው የአካል ክፍሉን ስም ብቻ አይደለም፤ ሕክምና የሚቀይረውን ነው። ሕክምና የማይቀይር ምርመራ ላይ ስትደርሱ አቁሙ። በአስከሬን ምርመራ እንኳ ከ4 ሰው አንዱ ላይ መነሻው አልተገኘም።

ጥላና_ብርሃን

ራዲዮሎጂ ነኝ። ሪፖርቱን ሳይሆን ምስሉን እንደገና አስነብቡት። አንድ የ9 ሴንቲ ሜትር ዕጢና በዙሪያው ትንንሽ ተከታዮች ሲባል ወዲያው የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ፦ ይህ ወደ ጉበት የመጣ ነው ወይስ ከጉበት የተነሳ? ከሌላ ቦታ የተሻገረ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ተቀራራቢ መጠን ሆኖ ሁለቱንም የጉበት ክንፎች ይረጫል። አንድ ትልቅ፣ አጠገቡ ልጆቹ፣ ደረትና ሆድ ንጹህ ከሆነ የጉበት ውስጥ ኮላንጂዮካርሲኖማ (የሐሞት ቱቦ ካንሰር) ሆኖ «መነሻው ያልታወቀ» ተብሎ የተመዘገበ እንዳይሆን። እንዲህ ያለው ስህተት ብርቅ አይደለም።

ምስሉ ላይ የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦ ከዕጢው በላይ ያለው የጉበት ሽፋን ወደ ውስጥ ተስቦ ጎድጉዷል? ከዕጢው ወደ ዳር ያሉት ትንንሽ የሐሞት ቱቦዎች ሰፍተዋል? ኮንትራስቱ በመጀመሪያ ጠርዙን ብቻ አብርቶ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ወደ መሃል ይገባል? በአርተሪው ዙር አብርቶ ኋላ ላይ የሚጠቁር ከሆነ ግን፣ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ ወይም የጉበት ጠባሳ ካለ፣ ወደ ጉበት ሴል ካንሰር ዞሩ። ችግሩ ብዙ ቦታ ሲቲው የሚነሳው በፖርታል ዙር፣ በ70 ሴኮንድ ገደማ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከእሱ ይህን ማንበብ አይቻልም። ለጉበት ብቻ ባለ ሦስት ዙር ሲቲ ማስደገም ወደ ውጭ ለፔት ከመሄድ በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

ለልጃቸው የሚነገረው፦ ፔት ዋጋ ያለው አንገት ላይ ስኳመስ (ከሽፋን ሴል የሚነሳ ካንሰር) ሲገኝና ነጠላ ዕጢ ሊቆረጥ ታስቦ ሌላ ቦታ አለመኖሩ ሲጣራ ነው። ጉበቱን በሞሉት ብዙ ዕጢዎች ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው። ደግሞ የቲቢ ንፍፊትም በፔት እንደ ካንሰር ያበራል፤ በእኛ አገር ታካሚ ላይ የበራ ሁሉ ስርጭት አይደለም።

ኢኤንቲ_ጥያቄ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። አንገት ላይ፣ ከመንጋጋ ማዕዘን በታች 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንፍፊት፣ የ60 ዓመት ወንድ፣ አጫሽ። ኤፍኤንኤ ስኳመስ አለ፤ አፍና ጉሮሮ በዓይን ንጹህ ነው። ንፍፊቱን ቆርጬ ላውጣው?

ኦንኮ_22

አይቆረጥ። ቆርጦ ማውጣት የአንገቱን የሽፋን ሥርዓት ያዛባና የኋላውን ኦፕሬሽንና ጨረር ያበላሻል። ሴሉ ላይ ፒ16 (የኤችፒቪ ቫይረስ ጠቋሚ) ይሠራ፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ቶንሲልና የምላስ ሥር ይፈተሻል። ኢቢቪ (ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ) ከተገኘበት ደግሞ ከአፍንጫ ጀርባ ነው። ፔት የሚገኝ ከሆነ እዚህ ላይ ነው ወጪው የሚክሰው፤ የሚነሳውም ከባዮፕሲው በፊት ነው፤ የተቆረጠ ቦታ ያበራልና። ከዚያ በማደንዘዣ ሙሉ ኢንዶስኮፒ፣ በዚያው በኩል ያለው ቶንሲል በሙሉ ይወጣል፤ ትንሽ ቁራጭ መውሰድ ጥልቅ ያለውን ዕጢ ያልፈዋል። ምንም ባይገኝም በአንገት ኦፕሬሽንና በጨረር ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ይኖራሉ፤ ከመጥፎው ቡድን አትደምሯቸው። ንፍፊቱ ከማጅራት በታች ፊት ለፊት፣ ከክላቪክል አጥንት በላይ ካለው ጉድጓድ ከሆነ ግን ፍለጋው ወደ ደረትና ወደ ሆድ ይወርዳል። ሌላም ጊዜ አንገት ሲወጋ ከተሳበው ጥቂቱን ለጂን ኤክስፐርት (ለቲቢ ምርመራ) መላክ ልማድ ይሁን።

ውስጥ_ደዌ_ክልል

አመሰግናለሁ። ኮሩ ተወስዶ ውጤቱ መጥቷል። ሲኬ7 ፖዘቲቭ፣ ሲኬ20 ኔጌቲቭ። በሁለተኛው ዙር ቲቲኤፍ-1፣ ጋታ3፣ ኢአር፣ ፓክስ8 ሁሉም ኔጌቲቭ፤ አርጂኔዝ-1ም ኔጌቲቭ። ሲኬ19 ፖዘቲቭ። ማሞግራፊና የማህፀን ምርመራ ንጹህ፣ ፌሪቲን ደህና፣ ኤኤፍፒ 4። ሄፓታይተስ ቢ ኤስ አንቲጅን ግን ፖዘቲቭ ሆነ። ሲቲው በሦስት ዙር ተደገመ፤ ሽፋኑ ጎድጉዷል፣ የ9 ሴንቲ ሜትሩ መሃል ዘግይቶ አብርቷል። ኤልዲኤች (የደም ኢንዛይም) ከመደበኛው አላለፈም። እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍ? አንድ ባልደረባ «መነሻው ያልታወቀ በሉትና ካርቦፕላቲን-ፓክሊታክሰል ጀምሩ» ብሎኛል።

ማይክሮቶም

ለሐሞት ቱቦና ለቆሽት የራሱ የሆነ ስቴይን የለም። ሲኬ19 «ይስማማል» ከማለት በላይ አይሄድም። ፓቶሎጂው «ከሐሞት ቱቦ ወይም ከቆሽት ጋር የሚስማማ» ብሎ ይቆማል፤ የቀረውን የሚሞላው ምስሉ ነው። ጋታ3 ኔጌቲቭ መሆኑ ሆርሞን ተቀባይ የሌለውን የጡት ካንሰር ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ማሞግራፊው ንጹህ ሆኖ ምስሉ እንዲህ ከሆነ ግን እዚያ ላይ ሌላ ስቴይን አላባክንም። የቀረውን ብሎክ ለበኋላ አቆዩት።

ኦንኮ_22

ቆሽቱ በሦስት ዙር ሲቲ ንጹህ ከሆነ የጉበት ውስጥ ኮላንጂዮካርሲኖማ ብዬ ነው የምጽፈው። ስሙ ሕክምናውን ይቀይራል፦ ጌምሲታቢንና ሲስፕላቲን። ብሪታንያ ውስጥ በ410 ታካሚዎች ተሞክሮ በ2010 የታተመው ጥናት ሁለቱን አንድ ላይ የወሰዱት በመካከለኛ ልክ 11.7 ወር፣ ጌምሲታቢን ብቻ የወሰዱት 8.1 ወር መኖራቸውን አሳይቷል። ዱርቫሉማብ ወይም ፔምብሮሊዙማብ የሚገኝበት አገር ይጨመርበታል፤ አለመገኘቱ ግን ሁለቱን አያስቀርም።

ኤልዲኤች ለምን እንደሚታይ ለሌሎች አንባቢዎች ልበል፦ ምንም ስም ባልተገኘለት ታካሚ ላይ የሰውነት አቅሙ ደህና፣ ኤልዲኤቹ መደበኛ ከሆነ በኬሞ አንድ ዓመት ገደማ ይጠበቃል፤ ከሁለቱ አንዱ ከተበላሸ ወደ 4 ወር ይወርዳል። ከአልጋ የማይነሳ ታካሚ ላይ ኬሞ መጫን ዕድሜ አይጨምርም፤ ያለውን ያጎሳቁላል።

ከመጀመሩ በፊት ግን ሄፓታይተሱ። ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር መጀመሪያ፣ ኬሞው በኋላ። በኬሞ የሚቀሰቀስ ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን በሳምንታት ሊያወድም ይችላል፤ ያኔ ሰው ሁሉ «ካንሰሩ ገደላቸው» ይላል። መድኃኒቱ ኬሞው ካለቀ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል።

ኦንኮ_ፋርማሲ

ልኩን ላስላላችሁ። የሰውነት ስፋት 160 ሲባዛ በ50፣ ሲካፈል ለ3,600፣ ሥሩ ሲወጣ 1.49 ስኩዌር ሜትር። ሲስፕላቲን 25 ሚሊ ግራም በስኩዌር ሜትር፣ 37 ሚሊ ግራም ይሆናል። ጌምሲታቢን 1,000 በስኩዌር ሜትር፣ 1,490 ሚሊ ግራም። ሁለቱም በ1ኛውና በ8ኛው ቀን፣ በየ21 ቀኑ ይደገማል። ከ4 ዙር በኋላ በሲቲ ይታያል፤ በሽታው ካልገፋ እስከ 8 ዙር።

ሲስፕላቲኑ በ1 ሊትር ኖርማል ሳላይን፣ 20 ሚሊ ሞል ፖታሲየም ክሎራይድና 8 ሚሊ ሞል ማግኒዚየም ሰልፌት ተጨምሮበት በ1 ሰዓት። ቀጥሎ 500 ሚሊ ሊትር ሳላይን በ30 ደቂቃ፤ ከዚያ ጌምሲታቢን በ30 ደቂቃ። ጌምሲታቢንን «ቀስ ይበል» ብሎ ከ1 ሰዓት በላይ መስጠት ደህንነት ይመስላል፤ በተቃራኒው የደም ሴሎችን አብዝቶ ይጎዳል። የ1 ግራሙ ጠርሙስ በ25 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይሟሟል። የተሟሟውን ፍሪጅ አታስገቡት፣ ይረጋል። ሲስፕላቲንም እንዲሁ ያዘቅጣል፤ አሉሚኒየም ያለበት መርፌ አይንካው።

ለማቅለሽለሽ ኦንዳንሴትሮን 8 ሚሊ ግራምና ዴክሳሜታዞን ከኬሞው 30 ደቂቃ ቀድሞ፤ ማታ ኦላንዛፒን 5 ሚሊ ግራም ብዙ ይረዳል። በየዙሩ ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ)፣ ክሪያቲኒን፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም። ኒውትሮፊል ከ1,000 ወይም ፕሌትሌት ከ100,000 በታች ከሆነ አንድ ሳምንት ይቆይ። ለጎኑ ሕመም ዳይክሎፌናክ እየወሰዱ ከሆነ ዛሬውኑ ይቁም፤ ከሲስፕላቲን ጋር ኩላሊት የሚያጠፋው እሱ ነው። ታካሚዋ ቴርሞ ሜትር ይያዙ፣ 38 ዲግሪ ከሞላ ሌሊትም ቢሆን ይምጡ።

ካርቦፕላቲን ለሌላ ታካሚ ለምትጠቀሙ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በኩላሊት ማጣሪያው ላይ 25 ይደመርና ድምሩ በኤዩሲ (ደም ውስጥ በሚፈለገው የመድኃኒት መጠን) ይባዛል። በእኚህ እናት ክሪያቲኒን 0.8 ማጣሪያው 63 ይወጣል፣ በኤዩሲ 5 ወደ 440 ሚሊ ግራም። ሥጋቸው አልቆ ክሪያቲኒኑ 0.4 ቢሆን ቀመሩ ማጣሪያውን 127 ያደርገውና ከ750 ሚሊ ግራም በላይ ያዛል። ኩላሊታቸው አልተሻለም፤ ጡንቻ ስለሌላቸው ብቻ ነው ቁጥሩ የወረደው። ከ0.7 በታች የሆነውን ክሪያቲኒን 0.7 አድርጋችሁ አስሉ፤ ወደ 490 ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ታካሚውን በሁለተኛው ሳምንት ደም እያፈሰሰ ሊያመጣው ይችላል።

ማስታገሻ_ነርስ

ዳይክሎፌናኩ ከቆመ በምትኩ የሚሰጠው ይጻፍ። የሞርፊን ሽሮፕ 5 ሚሊ ግራም በየ4 ሰዓቱ፤ ሞርፊን ላልለመዱ በ2.5 ይጀመር። የመኝታው ልክ እጥፍ ቢሆን ሌሊት አይነቁም። በመሃል ለሚነሳ ሕመም የ4 ሰዓቱን ያህል ተጨማሪ። ቢሳኮዲል ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይጻፍ፣ ድርቀቱ ሲመጣ አይደለም። የጉበት ሽፋን ሲወጠር የሚመጣው ሕመም በዴክሳሜታዞን ከ4 እስከ 8 ሚሊ ግራም ጠዋት ጠዋት በደንብ ይለዝባል፤ ከሰዓት ከተሰጠ እንቅልፍ ይነሳል። ስኳራቸውን እዩ።

ቤተሰብ ስትነግሩ «መነሻው አልታወቀም» የሚለው ብዙ ጊዜ «ሐኪሞቹ አላወቁም» ተብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ ሲቲ ይጀመራል። ምን ምን እንደተሠራና ምን እንደተገለለ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው።

ውስጥ_ደዌ_ክልል

ቴኖፎቪሩ ተጀምሯል፣ ኬሞው ለሚቀጥለው ሳምንት ተይዟል። ልጃቸው ደግሞ አሁን ፔቱን ትታ ብሎኩን ለጂን ምርመራ አሜሪካ እንድንልክ ትጠይቃለች። ዋጋ አለው?

ኦንኮ_22

በዚህ ካንሰር ላይ ከፔቱ ይልቅ ዋጋ ያለው ይህ ነው። የጉበት ውስጥ ኮላንጂዮካርሲኖማ ኤፍጂኤፍአር2 እና አይዲኤች1 በሚባሉ ጂኖች ላይ ለውጦች የሚገኙበት ነው፤ ለሁለቱም በአሜሪካ የተፈቀደ ኪኒን አለ። ስም ባልተገኘላቸው ታካሚዎች ላይም በ2024 የታተመው ኩፒስኮ የተባለው ጥናት በጂን የተመራ ሕክምና በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ ከ4.4 ወደ 6.1 ወር እንዳሳደገ አሳይቷል፤ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። መነሻውን በጂን ገምቶ ለዚያ የሚሆነውን ኬሞ መምረጥ ግን ውጤቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በሁለት ጥናቶች ከተለመደው ኬሞ አልተሻለም፣ በ2024 የታተመ የቻይና ጥናት ግን በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ አሳድጓል፤ ለእኚህ እናት መነሻው ስም ስላገኘ ለዚያ ገንዘብ አታስወጧቸው። ለልጃቸው ደግሞ መጀመሪያ ይህን ጠይቋት፦ ውጤቱ ቢወጣ መድኃኒቱን በየወሩ መግዛት ይቻላል? ካልተቻለ ምርመራው ወረቀት ብቻ ነው። ኬሞው ውጤቱን አይጠብቅ።

ማይክሮቶም

ከላካችሁ ብሎኩን በሙሉ አትላኩ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ያልተቀቡ ስላይዶችም ይቀበላሉ፤ 10 ወይም 12 አንድ ጊዜ ይቆረጡ። ብሎኩን ደጋግሞ ማይክሮቶም (መቁረጫ ማሽን) ላይ ማሰር በእያንዳንዱ ጊዜ ለማስተካከል ሲባል ሥጋውን ይልጠዋል፤ ኮር ላይ ያ ብዙ ነው። ከቆረጡ በኋላ የመጨረሻው አንድ ስላይድ በኤች ኤንድ ኢ (በተለመደው የፓቶሎጂ ቀለም) ተቀብቶ ካንሰሩ አሁንም እንዳለ ይታይ፤ ብዙዎቹ ምርመራዎች ቢያንስ 20 በመቶ የካንሰር ሴል ይፈልጋሉ። በእጅ ሻንጣ የሚሄድ ከሆነ ፓራፊን ሙቀት አይወድም፤ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የዋለ ብሎክ ቀልጦ ይመጣል። የብሎኩን ቁጥር ሪፖርቱ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ፤ የሌላ ሰው ብሎክ ባሕር ተሻግሮ እንዳይሄድ።